በባና ያለበስኩት ኮምፒውተር

በደጋዋ ከተማችን በሞላሌና በአካባቢዋ እኔን የማያውቅ ሰው ቢኖር እንግዳ ብቻ ነው። ተክሌ እባላለሁ፤ ዕድሜዬ ሰባ አንድ ዓመት ነው። የትምህርት ቤት ወንበር ላይ አንድም ቀን አልተቀመጥኩም። ፊደል የለየሁት የደብራችን ካህን ልጆች ሲያስቆጥሩ ከአጥር ውጪ ቆሜ እየሰማሁ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ሬዲዮ እጠግናለሁ። ወፍጮ ሲቆም ከመሐል ሜዳ ባለሙያ ከመጠራቱ በፊት እኔ እጠራለሁ። በስልሳ ስምንት ዓመቴ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቼ በሦስት ወር ውስጥ አማርኛ መጻፍ ቻልኩ። ኮምፒውተር ተምረናል የሚሉ ሰዎች ሁለት ጊዜ ቤቴ ድረስ መጥተው ያልገባቸውን ጠይቀውኛል። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም። ቀጥሎ የምተርከው ነገር የደረሰው በማያውቅ ሰው ላይ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ከገና እስከ ጥር መጨረሻ ባሉት ሳምንታት ነው። ያልረሳሁትም በአፍንጫዬ ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ ሽታው ይመጣብኛል።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ያስቀመጥኩት ከገበያ በገዛሁት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ጠረጴዛው በጻፍኩ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን ተናደድኩና አወጣሁት። በመስኮቱ ሥር በገዛ እጄ ሁለት የድንጋይ ምሰሶ አቆምኩ፤ ከላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጣልኩበት። ጭቃውን በገብስ ጭድ አቡክቼ ለሰንኩት፤ ሲደርቅ እንደ ቤታችን መደብ በእበት ለቀለቅሁት። ከሥሩ ለኮምፒውተሩ ሳጥን ልክ የሆነ ጉድጓድ አበጀሁ። ሰው ቢቆምበት የማይነቃነቅ የመጻፊያ ቦታ ሆነ።

የቀረው ብርዱ ነበር። የእኛን አገር ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰውን የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ማሽንን ምን ሊያደርግ ነው ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ሳጥኑን ከጀርባው እስከ ፊቱ በባና ጠቀለልኩት። ባናው ባለቤቴ አስካለ ከራሳችን በጎች ጸጉር ፈትላ ያሠራችው፣ ዝናብ የማያስገባ ወፍራም ልብስ ነው። እንዳይቀዘቅዝም ቀንም ሌሊትም አላጠፋውም ነበር።

አስካለ አይታ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይኼ ዕቃ አራስ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«አንቺ ስለ ማሽን ምን ታውቂያለሽ?» አልኳት።

ኮምፒውተሩ ውስጥ የነበረው ነገር ቀላል አልነበረም። በእኛ አገር ልጅ ሲዳር ሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። በዚያ ውስጥ ሥጋ ከተገናኘ ጋብቻው ይቀራል። የሚቆጥሩት አዛውንት ግን እያለቁ ነው። እኔ አራት ዓመት ከዘመሮ እስከ ቀየት ቤት ለቤት ዞሬ፣ ማን ከማን እንደተወለደ አስነግሬ በደብተር ጻፍኩ። ከዚያም ሁሉንም ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጥኩት። የጨረስኩ ዕለት ደብተሮቹን ለአስካለ ሰጠኋትና «እሳት ማቀጣጠያ አድርጊያቸው» አልኳት። ሁለት ጊዜ «እርግጠኛ ነህ?» ብላ ጠይቃኛለች።

ገና ካለፈ በኋላ ቤቱ መሽተት ጀመረ። መጀመሪያ እንደ እርጥብ ጸጉር ነበር፤ በኋላ ዓይን የሚያቃጥል ሆነ። ጥፋቱን ከግድግዳው ማዶ ለሚያድሩት በጎች ሰጠሁና አስካለን በረቱን አስጠረግኋት። ሽታው ባሰ። እንደገና አስጠረግኋት። እኔ ግን እዚያው ቁጭ ብዬ ዳቦዬን እየገመጥኩ እጽፍ ነበር። አሁን ይህን ሳስብ ምራቄ ይመርብኛል።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ጌታነህ ከመምሬ ወልዴ ጋር መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሴት ልጁ ትዕግሥት ለአንድ የቀየት ጎረምሳ ታጭታ የሠርጉ ቀን ተቆርጦ ነበር።

«ጋሽ ተክሌ፣ ጉድ ሆኛለሁ» አለኝ። «የሙሽራው አጎት ስድስተኛ ቤት ላይ ይገናኛሉ ብሎ ተነሣ። ሽማግሌዎቹ እሑድ ይሰበሰባሉ። ካልተረጋገጠ ይፈርሳል። ልጄ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።»

«የት ላይ ነው ይገናኛሉ ያለው?»

«በእናቴ ወገን፣ በአያቴ አያት በደስታ በኩል። የደስታ አባት የእነሱም የሩቅ አያት ነው ይላል።»

«እሱማ ተጽፏል» አልኩ። «የደስታን ነገር የነገሩኝ እማሆይ ናቸው፤ ቃል በቃል ጽፌዋለሁ።» እማሆይ የሰፈራችን መነኩሲት ነበሩ፤ ካረፉ ዓመት ሆኗቸዋል።

«እንግዲህ የተጻፈውን ያሳዩን» አሉ መምሬ፣ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው እየሳቡ። «እኔ በወሬ አልባርክም፣ በወሬም አልከለክልም።»

ከጠዋት ጀምሮ መብራት ጠፍቶ ያን ጊዜ ገና መምጣቱ ነበር። በኩራት ተቀምጬ ማስነሻውን ተጫንኩት። ውስጡ ተንጓጓ፤ የተጠበሰ ጸጉር የመሰለ ጢስ ወጣና ዝም አለ። ደግሜ ብጫነው ምንም የለም።

ባናውን ገፍፌ ሳጥኑን ወደ ደጅ አወጣሁት። ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈታሁና ክዳኑን አነሣሁ።

እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ሳጥኑ ሙሉ የባና ጸጉር ነው። ጸጉሩ በሽንት ርሶ፣ ከገብስ ገለባና ከእኔው የዳቦ ፍርፋሪ ጋር ተቦክቷል። መሐሉ ላይ ፀጉር ያላበቀሉ ቀያይ የአይጥ ልጆች ተደራርበዋል። ከሥር ያሉት ሞተው አብጠዋል፤ ትል ይርመሰመስባቸዋል። እናታቸው መብራት ጠፍቶ ሳለ ማራገቢያው ውስጥ ገብታ፣ እኔ ሳስነሣው ተጠምዝዛ ተጣብቃለች። ጅራቷ ወደ ውጪ ተንጠልጥሏል።

መምሬ «እግዚኦ!» ብለው ዞሩ። በየዓመት በዓሉ በግ የሚያርደው ጌታነህ አጥሩን ይዞ አስመለሰ።

አስካለ ከበሩ ላይ ቆማ አየችና «ሁለት ጊዜ በረት አስጠረግኸኝ!» አለች። «ለእኔ ያላለበስከውን ባና ለአይጥ አለበስክ! በል ክርስትናውንም አንተው አስነሣ፤ መምሬ እንደሆኑ እዚሁ አሉ!»

 ወደ ጭቃው መጻፊያ ሄጄ ሳይ ነገሩ ገባኝ። ጭዱን ሳቦካው በደንብ ያልተወቃ ነበር፤ ፍሬው ሁሉ ጭቃው ውስጥ አለ። አይጦቹ እሱን ፍለጋ ግድግዳውን ቦርቡረው ገብተዋል። ከዚያ ሳጥኑ ኋላ ላይ ክዳን የሌለው ቀዳዳ አገኙ። ሙቀት፣ ጸጉርና እህል አንድ ላይ አዘጋጅቼላቸዋለሁ።

ከተማ ያለ አንድ ጠጋኝ ጋ ደወልኩ። «አባቴ፣ አይጥ የሸናበት አይነሣም፤ ቢሆንም ሰኞ ያምጡትና ልየው» አለኝ። እስከ ሰኞ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ይበተናሉ። ጌታነህ መሬት ላይ ተቀምጦ «ለልጄ ምን ብዬ ልንገራት?» ሲል ሰማሁት። ደብተሮቹን አስቃጥዬ የልጅቱን ትዳር በአይጥ ጎጆ ላይ የጣልኩት እኔ ነኝ። «ነገ ይነሣል በላት» አልኩት። እንዴት እንደሚነሣ ግን ገና አላወቅኩም ነበር።

በሕይወት የነበሩትንም የሞቱትንም ከነጎጇቸው በአካፋ አንሥቼ ቀበርኩ። እናትየውን ከማራገቢያው የለየኋት ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ነው፤ ከዚህ በላይ አልዘረዝርም። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጠርሙስ ዳግም አረቄ ገዝቼ፣ በጥርስ ብሩሽ እያንዳንዱን ሰሌዳ አጠብኩ። ሽንቱ የደረቀበት ቦታ እንደ ቢጫ ቅርፊት ሆኖ ነበር፤ አረቄው ሲነካው ግማቱ እንደ አዲስ ይነሣል። አራት ጊዜ ወጥቼ ተመልሻለሁ። ከዚያ ዕቃዎቹን በሰፌድ አድርጌ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ፤ ዝንብ እንዳያርፍባቸው ወንፊት ደፋሁባቸው።

«ሰፌዴን?» አለች አስካለ። ሲመሽ ሰፌዱን እሳት ውስጥ ጣለችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገጣጠምኩት። ስጫነው ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኑ በራ። ጌታነህ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ትከሻዬን ይዞ አለቀሰ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ወደ ቤት የገባ ግን የለም፤ ሽታው ገና አለ። እነሱ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ከውስጥ ሆኜ በመስኮቱ አነበብኩላቸው። «ደስታ የቤቱ ልጅ አይደለችም። ወላጆቿ ሞተውባት ከግሼ አምጥተው አሳደጓት።»

መምሬ ወዲያው ጠየቁ፦ «የቤቱን ጡት ጠብታለች?» ጠብታ ከሆነ እንደ ሥጋ ይቆጠራልና።

ቀጣዩን መስመር አነበብኩ። «ስትመጣ እህል ትበላ ነበር። ጡት አልነካችም።»

የሙሽራው አጎት እንደገና አስነበበኝ። «ልጅ ሆኜ የግሼዋ ሲሏት እሰማ ነበር» አለ። «ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። በቃ፣ ይለፍ።» ጌታነህ ተነሥቶ ጉልበቱን ሳመ።

አሁን ሰዎች ያመሰግኑኛል፤ ይገባኛልም። ሆኖም ማራገቢያው ለመዞር ሲጀምር ሁልጊዜ አፍንጫዬን እይዛለሁ። የሚያስጠላኝ አይጧ ብቻ አይደለችም። ያን ሁሉ ቀን በዚያ ግማት ውስጥ ተቀምጬ በግ ነው እያልኩ መብላቴ ነው።

እስካሁን የፈጸምኩት ይህ ነው፦ የጭቃ መጻፊያውን በዶማ አፈረስኩ፤ ከውስጡ አንድ ቁና የሚሆን የገብስ ገለባና የአይጥ ኩስ ወጣ። ከባሕር ዛፍ ጣውላ እግሩ የማይንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ራሴ ሠራሁ። ሳጥኑን ከመሬት ከፍ አድርጌ ምንም ሳላለብስ አስቀመጥኩት፤ ቀዳዳውን በሽቦ ወንፊት ዘጋሁ። ሲመሽ አጠፋዋለሁ። የዘር ሐረጉን በሁለት ፍላሽ ገለበጥኩ፤ አሳትሜም ለመምሬ ሰጠሁ። ለአስካለ አዲስ ባናና አዲስ ሰፌድ ገዛሁ። ትዕግሥትን በጥር መጨረሻ ዳርናት። ከሁሉም የከበደኝ ግን የሠርጉ ዕለት ነው፤ እንደ አይጦቹ ልጆች የቀላ ጥሬ ሥጋ ሳህን ሙሉ ፊቴ ሲያስቀምጡልኝ፣ ሳላስመልስ ከአባቶች መካከል ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ዋልኩ።