ለሄሊኮፕተር የተረጨ ውሃ

ባለቦቴው የአገሪቱን መሪዎች የሚለያቸው በመልካቸው ሳይሆን በሚፈጁት ውሃ ነው። ሥራው መሪ ሊመጣ ሲል ቦቴ መኪናውን ሞልቶ የከተማዋን ሜዳ ማርጠብ ነው፤ ሄሊኮፕተር ሲያርፍ አቧራ እንዳይነሣ።

የመጀመሪያው መሪ የሚመጡባት ሄሊኮፕተር ፊቷ መስታወት ብቻ የሆነች ትንሽዬ ነገር ነበረች፤ ግማሽ ቦቴ ይበቃታል። ነፋሷ ባርኔጣቸውን ወስዶባቸው ሕዝቡ እየተሳሳቀ ሮጦ አምጥቶላቸዋል። ሁለተኛው በግዙፍ የጦር ሄሊኮፕተር መጡ፤ ሙሉ ቦቴ። አንድ ጊዜ ውሃው አንሶ አቧራው ሲነሣ አብራሪው መሬቱ ጠፋበት፤ ለጥቂት ተረፉ። የባለቦቴው አለቃ የዚያኑ ቀን ተወሰደ፤ እንደወጣም ቀረ። የአሁኑ ደግሞ የትኛው ውስጥ እንዳሉ እንዳይታወቅ ሦስት አንድ ዓይነት ሄሊኮፕተሮች አሰልፈው ይበራሉ። ውሃውም ሦስት ቦቴ ሆነ። «ወንበሩ ከፍ ባለ ቁጥር ጥሙም ይብሳል» እያለ ይቀልድ ነበር፣ ዝናብ እስኪጠፋ ድረስ።

ሁለት ክረምት ጠብ ሳይል ቀረ። መሪው ድርቁን በዓይናቸው ሊያዩ ነው፣ ካዩ የውሃ ጉድጓድ መቆፈሪያ መኪና ይላካል ተባለ።

እህቱ ባዶ ጀሪካን ይዛ ሜዳው ዳር ጠበቀችው።

«ወንድምዬ፣ ዛሬን አትርጨው። ውሃውን ለእኛ ስጠን፤ እሳቸውም እንዴት እንደደረቅን ይዩት።»

«አቧራ ከተነሣ አብራሪው አያይም፤ ሰው ያልቃል። እኔም እንደ አለቃዬ እቀራለሁ።»

«እኛስ?»

ወደ መኪናው ተመለሰ። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ረጨው። ፈሪ ነው፤ ግን የፈራው ነገር ውሸት አልነበረም።

ሦስቱም ሄሊኮፕተሮች ብናኝ ሳያስነሡ አረፉ። መሪው ሲወርዱ ጫማቸው ጭቃ ነካ። ጎንበስ ብለው አዩትና ፊታቸው ፈካ።

«እዚህስ ደህና ዘንቧል» አሉ አጠገባቸው ለቆመው ሹም።

«አዎ፣ ክቡርነትዎ» አለ ሹሙ።

ባለቦቴው የውሃውን ጎማ እንደያዘ እዚያው ቆሟል። «ያረጠብኩት እኔ ነኝ» ለማለት ፈለገ፤ ምላሱ ተሳሰረ። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ፣ ሄዱ።

በሳምንቱ የመቆፈሪያው መኪና በዋናው መንገድ አልፎ ወደ ሌላ ከተማ ነጎደ። እህቱ የዚያን ዕለት ቤቱ መጣች፤ ተቀመጪ ቢላትም አልተቀመጠችም።

«ለምን አለፈን?» አለችው።

ነገራት። ዝም ማለቱን ጭምር ሳይደብቅ ነገራት።

«ጉድጓዳችንን ውሃ በላው በለኛ» አለች። ሳቅ ጀመራትና መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። ውሃ በጣሳ ቀድቶ ቢዘረጋላት እጁን በቀስታ ገፋችው፤ ከዚያ ወዲህም ቤቱን ረግጣ አታውቅም።