የጌታሰው የስልክ ከበሮ

ባለፈው ሳምንት በእረፍት ሰዓት መምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጬ የልጆቹን ደብተር ሳርም፣ አዲስ የመጣው ወጣቱ የስፖርት መምህር ስልኩን ይዞ አጠገቤ ዘፍ አለ። «ቲቸር እናኑ፣ እስቲ ይችን ስሚያት» አለኝ። ኔት ከጠፋ ሰነባብቶ ስለነበር ሰው ሁሉ ስልኩ ውስጥ የተረሳ ነገር ሲጎረጉር ነው የሚውለው። ስክሪኑ ላይ ትናንሽ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ ብርሃን ከግራ ወደ ቀኝ ይሄድባቸዋል፤ በጣቱ የነካቸው ላይ ሲደርስ ድም ይላል፣ ጠቅ ይላል። «ከበሮ እኮ ነው! መቺ አያስፈልገውም!» ይለኛል ደስ ብሎት። «እሰይ» ብዬ ወደ ደብተሩ አቀረቀርኩ። ልቤ ግን አብሮኝ አልነበረም፤ ኋላ ባየው የአንድ ጎበዝ ልጅ ትክክለኛ መልስ ላይ ሁሉ ኤክስ አድርጌበታለሁ።

ያን ነገር ከዚህ ልጅ በፊት አውቀዋለሁ። ያሳየኝ ጌታሰው ነው።

ጌታሰው ከመካነ ኢየሱስ ወዲያ ያለችው የመንደራችን ልጅ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤትም በሰርግም ከበሮ የሚመታው እሱ ነበር። ዜማውን እኔ አወርዳለሁ፣ ሰው ይቀበላል፣ እሱ ይመታል። ስለ አመታቱ ልንገራችሁ። ዓይኑን ከአፌ አይነቅልም። ትንፋሽ ልወስድ ስል ከኔ ቀድሞ ያውቅና እጁን ቀለል ያደርጋል፤ ሳልቸኩል እተነፍሳለሁ፤ ከዚያ አብረን እንነሳለን። ጭፈራው ሲሞቅ ደግሞ ማንም ሳያውቅበት ያፈጥነዋል፤ ሰው የሚነቃው ላብ ሲያጠምቀው ነው። ይኼ ሁሉ ችሎታ መሆኑ ያኔ አልገባኝም። ከበሮ የተባለ ሁሉ ሰውን የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር፣ ጅል!

እኔ አስረኛ ክፍል ሆኜ መካነ ኢየሱስ ቤት ተከራይቼ ስማር፣ እሱ እዚያው ከተማ ወፍጮ ቤት ተቀጠረ። በጥር አንድ የገበያ ቀን እህሉ በዝቶ፣ ሰው ተሰልፎ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ የወለቀውን የወፍጮውን ማዞሪያ ቺንጋ ሊመልስ ሲል የቀኝ እጁን ጣቶች ወሰደበት። አውራ ጣቱ ብቻ ቀረች። ደብረ ታቦር ወስደው አሳከሙት። ሲመለስ እጁን በነጠላ ጠቅልሎ ነው። እርፍ አይጨብጥ፣ ማጭድ አይዝ፣ ከበሮ አይመታ። ገበሬ አገር ውስጥ ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም።

እወደው ነበር። ይወደኝ ነበር። ፈተናዬን ስጨርስ ሽማግሌ እልካለሁ ብሎኝ ነበር። አባቴ ደግሞ ከአደጋው በኋላ ስሙን በጠራ ቁጥር «ምስኪን ልጅ» ማለት ጀመረ። አንድ ሰው በአባቴ አፍ ምስኪን ከተባለ፣ ለልጁ ባልነት አለቀለት ማለት ነው።

ስልኳን የሰጠው የወፍጮው ባለቤት ነው፤ ለካሳ ይሁን ለጽድቅ እንጃ፣ መስታወቷ የተሰነጠቀ አሮጌ ተች ስልክ። የከበሮ አፑን በብሉቱዝ የላከለት ደግሞ ሕክምና ላይ አጠገቡ ተኝቶ የነበረ ተማሪ ነው። ዐቢይ ጾም ገብቶ፣ እሱ ቁስሉን ሊያሳጥብ ከተማ ይመላለስ ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤት አብረን እንሄድ ነበር። መንገዱ አቧራ፣ ማሳው ቃርሚያ ብቻ። ከኪሴ የባቄላ ቆሎ እያወጣሁ አቀብለዋለሁ፤ እሱ በግራ እጁ ስልኳን ይዞ በዚያው እጁ አውራ ጣት ሳጥኖቹን ይነካካል።

ሳጥኖቹ አስራ ስድስት ነበሩ። የኛ አገር ምት በዚያ አልገጥም አለ፤ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ትርፍ ይቀራል፣ ያነክሳል። «ይኼ የፈረንጅ እግር ነው ያለው» ይላል ጌታሰው። አንዷ ቁልፍ ደግሞ ስትነካ ምቱን ራሷ ታምሰዋለች፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ የወረደ ነው የሚመስለው። አህያ የምትነዳ ሴትዮ ሰምታ አማትባ አልፋናለች፤ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ሲጎረጉር ሲጎረጉር ሳጥኖቹን ወደ አስራ ሁለት መቀነስ እንደሚቻል አገኘ። ያኔ ምቱ ልክ መጣ። እግሬ ራሱ ተነሳ፤ መንገድ ላይ እስክስ ልል ስል ጾም መሆኑ ትዝ ብሎኝ ተውኩት። ከአደጋው በኋላ ጌታሰው ጥርሱ እስኪታይ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ድምፁ ግን የኛ አልነበረም፤ ጣሳ ጣሳ ይላል። አፑ የራስን ድምፅ ቀድቶ ማስገባት ይፈቅዳል፤ ከበሮ እንዳይቀዳ ግን በዐቢይ ጾም ከበሮ ይሰቀላል፣ ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ማንም አይነካውም። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የእናቱን የእህል ጎታ መታ። ጎታው በጾም አጋማሽ ጎድሎ ስለነበር ድምፁ ከሆድ ይወጣል።

«ኧረ ጎታዬን! ልትሰነጥቀው ነው!» ብለው እናቱ እትዬ የሻረግ ከጓሮ እየሮጡ መጡ። «በዚያ ላይ በጾም ከበሮ ይመታል እንዴ፣ አንተ?»

«ጎታ እኮ ነው እማዬ።»

«የምትመታው እንደ ከበሮ ነዋ!»

ቀጭኑን ድምፅ ከባዶ ጀሪካን ቀዳው። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ሲነካካ ይውላል። አንድ እሑድ የቤቱ የንስሐ አባት መጥተው ምን እንደሚሰማ ጠየቁት። «ከበሮ ነው አባ። ግን በጆሮዬ ብቻ ነው» አላቸው። አባ አንዷን ማዳመጫ ተቀብለው ብዙ ቆዩ። ራሳቸውን ሲነቀንቁ ሳይ ፈቀዱለት ብዬ ነበር። «ድምፅ ከሌለው ከበሮ አይደለም፤ ድምፅ ካለው ጾሙን ገድፈሃል» አሉት በመጨረሻ። «እስከ ትንሣኤ አስቀምጠው ልጄ፤ እግዜር ይርዳህ።»

አስቀመጠው። እኔም አፌን ዘጋሁ፤ በዐቢይ ጾም ማን ይዘፍናል? ነገሩ እዚህ ላይ ነው የተበላሸው። እሱ ምቱን ብቻውን በጆሮው ሠራ፣ እኔ ዘፈኑን ብቻዬን በልቤ ያዝኩ፤ አንድም ቀን ድምፅ አውጥተን አብረን ሳንሞክረው ፋሲካ ደረሰ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የአጎቴ የአያ ፈንታሁን ልጅ ልትዳር ነው። ጌታሰው ያሰበው ይኼን ነበር። እዚያ ሰርግ ላይ አገር ተሰብስቦ ባለበት ይመታል፤ ሰው «ጌታሰው ዛሬም መቺ ነው» ይላል፤ አባቴም ይሰማል፤ በሳምንቱ ሽማግሌ ይሄዳል። ከዚያም በየሰርጉ እየተጠራ እንጀራው እሱ ይሆናል። እኔም አመንኩት፤ ለማርያም ስለት ተሳልኩ።

የሚያዝያ ካፊያ ጠዋት ጥሎ ዳሱ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል። ጠላው ገብቷል፣ ቅቤ የናፈቀው ሰው በዶሮው ላይ ተረባርቧል። ጌታሰው ከከተማ የተዋሰውን ስፒከር ጉዝጓዙ ላይ አስቀምጦ ስልኳን ሰካ። የጎታው ድምፅ ድም ሲል ሰው ሁሉ ወደሱ ዞረ። ከዚያ እልል! ሕፃናቱ ስፒከሩን ከበቡት፤ ሴቶቹ «እንዴት ያለ ነገር ነው እናንተ!» ይላሉ። አባቴ ዋንጫውን አስቀምጦ ቀና ሲል አየሁት። ጌታሰው በዓይኑ ጠቀሰኝና አወረድኩ።

መጀመሪያ ላይ ግሩም ነበር። ሰው ተቀበለ፣ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ሦስተኛው ዙር ላይ ትንፋሽ ልወስድ ደረስኩ። ጌታሰው አፌን እያየ ነው፤ አውቋል። ከበሮው ግን አላወቀም። አለፈኝ። ሮጬ ደረስኩበት፣ ደግሞ አለፈኝ፤ ግጥሙ ከአፌ ጠፋ። ጨፋሪው ሞቆት እግሩ ሲፈጥን፣ ከበሮው እዚያው በጀመረበት ይረግጣል፤ ግማሹ ሰው ከጭብጨባው፣ ግማሹ ከስልኩ ጋር ሆኖ ተበተነ። ጌታሰው ፍጥነቱን የምትቀይረዋን መስመር በግራ አውራ ጣቱ ሊገፋ ሞከረ፤ በላብ አዳልጦት እስከ መጨረሻዋ ሄደች። ስፒከሩ እንደ ወፍጮ ተንደቀደቀ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ክፋት አልነበረውም፤ የሰርግ ሳቅ ነው፤ አንዳንዱም የስልኩን እያስመሰለ እግሩን ያንቀጠቅጣል።

«እስቲ ያንን አጥፉትና ከበሮውን አምጡ!» አሉ አያ ፈንታሁን፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

ከበሮው መጣ። አንድ ጎረምሳ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይደበድበው ጀመር፤ መቺ አልነበረም፣ ግን ሁለት እጅ አለው። «አውርጂ እንጂ እናኑ!» ተባልኩ። አወረድኩ፤ የሙሽራ ዘመድ ነኝ፣ ምን ላድርግ? ጌታሰው ሽቦዎቹን በአንድ እጁ ለመጠቅለል ሲታገል፣ ሲፈታበት፣ ደግሞ ሲጠቀልል እያየሁ ዘፈንኩ። አባቴ አጠገቡ ላሉት ሰዎች ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ሲናገር ከንፈሩን አነበብኩት። «ምስኪን ልጅ» ነው ያለው።

ሰኞ እኔ ለትምህርት፣ እሱ ስፒከሩን ሊመልስ አብረን ወደ ከተማ ሄድን። መንገድ ላይ አላስችል ብሎኝ «ገና እኮ ነው፤ ታስተካክለዋለህ» አልኩት።

«ምኑን ነው የማስተካክለው?» አለኝ። «ምቱ እኮ ልክ ነው። አንዲት ስሕተት የለበትም። አንቺ ትንፋሽ ልትወስጂ ስትይ አገጭሽ ትንሽ ከፍ ይላል። እሱን ለስልክ እንዴት ብዬ ልንገረው?»

አገጬ ከፍ እንደሚል ከዚያ በፊት ማንም ነግሮኝ አያውቅም። «በጆሮዬ ስሰማው አንቺንም አብሬ እሰማሽ ነበር፤ ለዚያ ነው ያልታወቀኝ» አለና እጁን ነጠላው ውስጥ መለሰ። ስለ ሽማግሌ እኔም አልጠየቅሁ፣ እሱም አላነሳ። ክረምቱ ሲገባ ለሰሊጥ እርሻ ዘበኝነት መተማ ወረደ ሲሉ ሰማሁ። እኔ ደብረ ታቦር መምህራን ኮሌጅ ገባሁ፤ አገባሁ፤ ወለድኩ። ባሌ ደህና ሰው ነው፤ ዘፈን ላይ የለበትም።

ዘንድሮ በጥር የአያ ፈንታሁን የመጨረሻ ልጅ ተዳረ። ከንፋስ መውጫ በኪራይ የመጣ ሰው ላፕቶፑን ዘርግቶ ዳሱን ያናውጠዋል። አንድም ከበሮ የለም፤ ከበሮ አምጡ ያለም የለም። ምቱ ያው ነው፤ አይፈጥን፣ አይዘገይ፣ ማንንም አይጠብቅ። አያ ፈንታሁን ከነከዘራቸው ትከሻቸውን ያወርዱታል። ሰው ለምዶታል፤ ትንፋሽ ያጠረው ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። ጌታሰው ከእንግዶቹ መካከል ጥግ ይዞ ቆሟል፤ አሁን ንፋስ መውጫ መጋዘን ይጠብቃል፣ ጸጉሩ ሸብቷል። ሄጄ ሰላም አልኩት፤ የልጆቼን ስም ጠየቀኝ።

«አየህ፣ ያ ሁሉ የሳቀብህ ሰው ዛሬ በማሽን ሲጨፍር» አልኩት።

«እንኳን ሳቁ» አለ። «ያን ጊዜ ከበሮ የሚያውቁ ነበሩ።»

እንዲናደድ ነበር የፈለግሁት፤ እንዲህ ረጋ ብሎ ሲናገር አንጀቴን በላው። ጎን ለጎን ቆመን ጭፈራውን አየን፤ ሁለታችንም እግራችንን አላነሳንም።

ሰዎች ለምን ዘፈን ተውሽ ይሉኛል። መምህር ሆኜ አፈርኩ እላቸዋለሁ፤ ያምኑኛል። ድምፄ እንኳ አልሄደም፤ ቤት ውስጥ ማንም በሌለበት፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ አንዳንድ ቀን እሞክረዋለሁ። ትንፋሽ የምወስድበት ቦታ ላይ ስደርስ አቆማለሁ። ከዚያ ወዲያ አብሮኝ የሚነሳ የለም።