ለአንዲት መስኮት የተመረጠ ቺት

ባለፈው ጥቅምት ሰቆጣ ውስጥ በአንድ የጨርቅ ሱቅ በር ሳልፍ፣ ገና ውኃ ያልነካው ጨርቅ ሽታ አወደኝና ሳላስበው ቆምኩ። ያ ሽታ፣ ከልጅነቴ ዘመን ወዲህ ብዙም ያላሰብኩትን፣ ከእናቴ ጋር መጋረጃ የመረጥንበትን ቀን መለሰልኝ። ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ግን ምንጮቼን መግለጽ ይገባኛል። ከዚህ በታች ከምጽፈው ከፊሉን ራሴ አይቻለሁ፤ ከፊሉን አክስቴ በእርጅናዋ ስታወጋ ሰምቻለሁ፤ ጥቂቱን ደግሞ ታናሽ እህቴ ከእናታችን ሰምታ ነግራኛለች። ያኔ ዕድሜዬ ሰባት ወይም ስምንት ስለነበር፣ የተባለው ሁሉ ቃል በቃል እንዲህ ነበር ብዬ አልምልም።

ቤታችን ከሰቆጣ ወደ ደሃና በሚወስደው አቅጣጫ፣ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቃ በምትገኝ መንደር ውስጥ የተሠራ የድንጋይ ቤት ነበር። በመንደሩ መስኮት ያለው እርሱ ብቻ ነበር፤ ቢያንስ እኔ ሌላ አላስታውስም። እናቴ ሰቆጣ ተወልዳ ያደገች የከተማ ልጅ ስትሆን፣ አባቴ ሽማግሌ በላከ ጊዜ ጥልፍ የምትጠልፍበት ብርሃን እንዲኖራት መስኮት አወጣለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ኖሮ፣ ከዓመታት መዘግየት በኋላ፣ በአንድ መስከረም፣ ዝናቡ እንዳባራ ግድግዳውን አፍርሶ የእንጨት ክፈፍ አስገባበት። በዚያ ሰሞን እናቴ ጠዋት ጠዋት ክርና መርፌዋን ይዛ ከመስኮቱ ሥር ትቀመጥና፣ ብርሃኑ ጉልበቷ ላይ ሲያርፍ ለብቻዋ ፈገግ ትል ነበር።

ከእኛ ጋር የምትኖረው የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ዝማም፣ መስኮቱን ከመጀመሪያውም አልወደደችውም፤ እናቴ ማርገዟ ሲታወቅ ግን አለመውደዷ ፍርሃት ሆነ። አክስቴ በወጣትነቷ፣ አራስ ሳለች፣ ሕፃን ሞቶባት ነበር። ንፋስ ነው የወሰደብኝ ብላ ታምን ስለነበር፣ ቤት ውስጥ ስትዘዋወር ጣቷን በምራቋ አርሳ በየጥጉ ከፍ እያደረገች ንፋስ ትፈልግ ነበር። «ንፋሱ አንድ፣ የሰው ዓይን ሁለት! አራስ በዚህ ቀዳዳ ሥር አትተኛም» አለችና ለአባቴ ቁርጡን ነገረችው። አባቴ እህቱን ማስቀየምም ሚስቱን ማሳዘንም የማይሆንለት ሰው ነበር። የሳንቃ መዝጊያ እንዳይገጥምለት ብርሃኑን ጨርሶ ይዘጋዋል። ስለዚህ ክረምት ከመግባቱ በፊት ንፋስና ዓይንን ከልክሎ ብርሃን የሚያሳልፍ መከለያ ከተገኘ መስኮቱ እንዲኖር፣ ካልተገኘ ግን በድንጋይ እንዲደፈን ፈረደ፤ በማግሥቱም ድንጋዩን አምጥቶ ከመስኮቱ ሥር ከመረው።

በኅዳር፣ ሰው ሁሉ በአጨዳ ላይ ሳለ፣ እናቴ የፍየል ቆዳ ወጥራ ሰቀለች። ቆዳው ሲደርቅ ተኮማትሮ ግራና ቀኙን ከፈተው፤ ሽታው ደግሞ የመንደሩን ውሾች ሁሉ ሰብስቦ፣ አንደኛው ዘሎ አንድ ጥጉን ቦጨቀና ይዞት ሄደ። በጥር ሰሌን ተሰቀለ። ሰሌኑ ብርሃኑን እንደ ወንፊት እየነፋ ወለሉ ላይ ሲበትነው በጣም ያምር ነበር፤ አክስቴ ግን የረጠበ ጣቷን በየቀዳዳው ፊት እያቆመች «ይኸው በዚህ ገባ፤ በዚህም ገባ» ትል ነበር።

«እትዬ፣ ለንፋሱ ስም ብቻ ነው እኮ ያላወጡለት!» አለቻት እናቴ።

«አንቺ የከተማ ልጅ፣ ቀልጂ። ድንጋዩ እንደሆነ ቆሞ ይጠብቅሻል።»

ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ እናቴ ሆዷ ገፍቶ ሳለ፣ በበቅሎ ተቀምጣ እኔን አስከትላ ለገበያ ሰቆጣ ወረደች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚያውቋት ጋሼ ኑሩ የሚባሉ ነጋዴ ጨርቅ ይሸጡ ነበርና ወደ እርሳቸው ሱቅ ገባን። እናቴ የራሷን መመዘኛ ይዛ መጥታ ኖሯል፤ እኔን ከሱቁ ውስጥ አቁማ፣ እርሷ በሩ ላይ ፀሐይን በጀርባዋ አድርጋ፣ እያንዳንዱን ጨርቅ በፊቷ ዘርግታ ከኋላው እጇን ታነሣለች፤ ብርሃኑ እየታየ ጣቶቿ የማይለዩበትን ነበር የምትፈልገው።

«ስንት ጣት ነው?»

«አይታይም። አንቺም አትታዪም» አልኳት፣ ጥቁሩን ወፍራም ጨርቅ ስትይዝ።

«እንግዲያው ፀሐይዋም አትታይም» ብላ ጨርቁን መለሰችው። ካኪውም እንደዚያው ሆነ። ነጩን አቡጀዲ በወር ጊዜ ውስጥ ጢስ ያጠቁረዋል ብላ ተወችው።

«አንቺ ልጅ፣ ጨርቅ ልትገዢ ነው የመጣሽው ወይስ ፀሐይዋን ልትመረምሪ?» አሉ ጋሼ ኑሩ፣ የተዘረጋውን እየጠቀለሉ።

«እኔ ምኔ መርማሪ ነው፣ ጋሼ ኑሩ። መርማሪዋስ ቤት ነው ያሉት!»

በመጨረሻ ከላይኛው መደርደሪያ አረንጓዴ መደብ ላይ ቢጫ አበባ የፈሰሰበት ቺት ወረደ። ያን የመሰለ ነገር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። እናቴ ዘርግታ እጇን ስታነሣ ሦስቱ ጣቶቿ፣ የቀለበቷ ጉብታ ሳይቀር፣ ወለል ብለው ታዩኝ።

«ስንት ነው?»

«ብርሃኑ ይታያል፤ ጣትሽ ግን ምንም አይታይም!» አልኩ፣ ቺቱ እንዳይመለስ ብዬ።

«በቃ፣ የልጅ ዓይን አይዋሽም» አሉና ጋሼ ኑሩ መቀሳቸውን አነሡ።

ቺቱ በተሰቀለ ማግሥት አክስቴ ከውስጥ ጣቷን አርሳ መረመረችው፤ ወጥታም ግንባሯን አስጠግታ አፈጠጠች። በቀን ከውጭ ወደ ጨለማው ቤት ምንም ስለማይታይ ጥፋት አላገኘችም። «እስኪ እናየዋለን» ብቻ አለች። እኔ ግን ሦስቱን ጣቶች እያሰብኩ ሁለት ሦስት ቀን ምግብ አልበላልህ ብሎኝ ነበር፤ መስኮቱ ቢደፈን ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አውቅ ነበርና።

ከዚያ በአንዱ ቀን፣ ምሽቱ ዓይን ሲይዝ፣ አክስቴ ከብቶቹን በረት ልታስገባ ወጣች። ፋኖሱ በርቶ ነበር። እናቴ ቀልድ አማራት መሰለኝ፣ ነጠላዋን እንደ አክስቴ አገልድማ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ጣቷን ላሰችና ከነሆዷ እየተንጎራደደች በየጥጉ ንፋስ መፈለግ ጀመረች። አባቴ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት መደቡ ላይ ተንከባለለ። እናቴ በፋኖሱና በመጋረጃው መካከል ቆማ ጣቷን ወደ ጣሪያው ባነሣች ጊዜ ግን፣ ከደጅ «ኧረ!» የሚል ድምፅ ሰማን።

እናቴ ጣቷን ሳታወርድ ወደ መጋረጃው ዞረች። ከዚያ ደጁ ላይ አንድ ነገር ይንፈቀፈቅ ጀመር፤ ሕመም ይሁን ለቅሶ መለየት አልቻልንም። አባቴ እየሮጠ ሲወጣ እኔም ተከተልኩት። አክስቴ ከድንጋዩ ክምር ላይ ተቀምጣ፣ ሆዷን ይዛ፣ በአካባቢያችን ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ የሆነ ነገር እያለች ትስቃለች፤ ዕንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል። በመጋረጃው ላይ፣ በቢጫዎቹ አበቦች መካከል፣ የእናቴ ጥላ ጣቷን እንዳነሣች ቆሟል።

«ወንድሜ፣ እኔ እንዲህ ነኝ?» አለች።

አባቴም «ሆዱ ሲቀር» አላት።

«ይደገም! አንቺ፣ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ!» ብላ ወደ መስኮቱ ጮኸች። እናቴ ጣቷን እንደገና ልሳ ደገመችው። ቀጥሎ አክስቴ ራሷ ገብታ፣ አባቴን ደጅ አቁማ፣ ሁለት ሴቶች በአንድ ጊዜ ሲቆጡት ራሱን የሚያክበትን ሁኔታ አሳየችው። ሳቁ ሲበርድ እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ፣ እስኪ ና። ስንት ጣት ነው ያልከኝ?»

የዚያን ዕለት ብዙ ተስቆብኛል፤ አልተመታሁም። አክስቴም በማግሥቱ የራሷን አሮጌ ነጠላ አጥፋ ከቺቱ ኋላ እየሰፋች፣ «ቀን ብርሃኑን እንዲያሳልፍ፣ ማታ ደግሞ የአራሷን ጥላ እንዲሰውር ነው» አለች። ሰፍታ ስትጨርስ፣ «ድንጋዩን ለዶሮ ቤት አድርገው» ብላ አባቴን አዘዘችው።

ዛሬ በዚያች መንደር መስኮት የሌለው ቤት አላየሁም። የመጋረጃው ዓይነት በስልክ ምስል ይላካል፣ በስልክ ይመረጣል፤ ውበቱም ጥራቱም ከእኛው ቺት ይበልጣል፤ አሮጌው ዘመን ይሻል ነበር ለማለት አልደፍርም። የያኔው ግን በአንድ ጨርቅ ምክንያት አንድ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ እንዲነጋገርና እንዲጨቃጨቅ ግድ ይል ነበር፤ እንዲህ ያለው መጋረጃ ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም።

ታናሽ እህቴ በሰኔ መጨረሻ፣ በዚያው መስኮት ሥር ተወለደች። አክስቴ እስክትሞት ድረስ፣ «ክርስትና እስክትነሣ ድረስ መጋረጃውን አንዲት ጣት አልከፈትኩም» ትል ነበር። እናቴ ግን ለእህቴ የነገረቻት ሌላ ነው፤ ሕፃኗ እንደተወለደች መልኳን አሳዩኝ ብትል፣ ዝናቡ ለጥቂት ጊዜ አባርቶ ኖሮ፣ አክስቴ ራሷ ቺቱን እስከ እኩሌታው ገልጣ ልጅቱን ወደ ብርሃኑ አቅርባታለች። እኔ በዚያ ሰዓት ጎረቤት ተልኬ ከደጃቸው ቆሜ ነበር። የመጋረጃው ጫፍ ሲነሣና አንድ የተጨማደደ እጅ ይዞት ሲቆይ ያየሁ ይመስለኛል፤ እጁን በእርግጥ አይቼው እንደሆነ ወይም እህቴ ከነገረችኝ በኋላ በሐሳቤ ሥዬው እንደሆነ ግን እስካሁን ማረጋገጥ አልቻልኩም።