ያልደረቀ ቀለም

አባቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ሌሎች የሣሉትን ሥዕል ፍሬም ውስጥ እያስገባ ግድግዳ ላይ ሲሰቅል ኖሯል። ስድስት ሠዓሊዎች «ቁጣ» ብለው በጋራ ላዘጋጁት ኤግዚቢሽን አንዱ ቀለሙ ያልደረቀ ሥዕል አመጣለት።

«ልጄ፣ ሳይደርቅ መስታወት ከተደረገበት ይጣበቃል» አለው አባቴ፣ ያውም ሦስት ጊዜ።

«አንተ ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ!» አለው፣ በእኔ ዕድሜ ያለው ሠዓሊ።

በመክፈቻው ዕለት ቀለሙ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ተገኘ። ሠዓሊው በእንግዶቹ ፊት «ይሄ ደንቆሮ አበላሸብኝ!» ብሎ ጮኸ።

የአባቴ ደም ፈላ። ፍሬም የሚያስተካክልበትን ውሃ ልክ መሬት ላይ ወርውሮ «ሃያ ዓመት የእናንተን ቁጣ ሳይንጋደድ ስሰቅል፣ የእኔን ማን ሰማኝ? ሦስቴ አልነገርኩህም?» ሲል አዳራሹ ተናጋ።

እንግዶቹ የኤግዚቢሽኑ አካል መስሏቸው አጨበጨቡ። ያ ዓይን አውጣ ሠዓሊ ደግሞ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።