የጎረቤት ቅጠል

ባቡሩ አንዴ ጮኋል። ሄስተር ፓርጌተር ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ በኖርዊች ጣቢያ ውስጥ ትሮጣለች። ታላቅ እህቷ ዶርካስ ደግሞ በሻርፕ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች ትከተላታለች።

«ምንድነው እሱ? ጣይውና ነይ!»

«አልጥልም! ያንቺው ነው!»

«እኔ የምፈልገው ባቡሩን ነው!»

የባቡሩ ሠራተኛ ሁለቱንም በየተራ ከኋላ ገፍቶ አሳፈራቸው።

«እሜቴ፣ ሲሎን ድረስ ሄደው አበባ የሚሥሉት እርስዎ አይደሉ? ታዲያ ለንደን መሄድ እንዲህ ያስለከልክዎታል?»

«የሲሎኑን መርከብ የያዝኩት ከዋዜማው ሄጄ ወደቡ ላይ አድሬ ነው» አለችው ሄስተር።

ፉርጎው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ብቻ ተቀምጧል። ጉልበቱ ላይ ቅርጫት አለ፣ ከቅርጫቱ አንዲት ዝይ አንገቷን አውጥታ ታያለች።

ይሄ ቀን ለሄስተር ሠርጓ ማለት ነው። ለአርባ ስድስት ዓመት ሴት የሚቀራት ሠርግ ይሄው ነው ትላለች ራሷ። ለንደን ያለ አንድ የዕፀዋት ማኅበር፣ ሕንድ አጠገብ ያለችው ሲሎን ደሴት ሄዳ የሣለችውን ተክል በስሟ ሊጠራላት ነው። ሥዕሏንና ያደረቀቻትን አንዲት አበባ አይተው፣ ከዚህ በፊት ማንም የማያውቀው ተክል ነው ብለው ስም አወጡለት፦ ፓርጌቴሪያ። በዚያው ስብሰባ ደግሞ ጃቫ ደሴት ይላኳት አይላኳት ይወስናሉ። ከላኳት ሁለት ዓመት ሙሉ መሣል ነው። ካልላኳት ተመልሳ የወይዛዝርት ማራገቢያ ላይ ጽጌረዳ ስትለቀልቅ ትኖራለች።

የገጠር ቄስ ልጅ ናት። አባቷ መጀመሪያ ፒያኖ ሊያስተምሯት ሞክረው ነበር፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሯት ሲያላዝን ጊዜ ትተውት ቀለም ገዙላት። አበባ ስትሥል ማንም አላላዘነም፣ በዚሁ ቀጠለች። ባልም መጥቶላት ነበር፣ አንድ መድኃኒት ቀማሚ። እሱ ስለ ትዳር ሲያወራ እሷ ኮቱ ላይ የሰካትን አበባ አፍጥጣ ስታይ ተናዶ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። አባቷ ሲሞቱ የደረሳትን ውርስ ይዛ መርከብ ላይ ወጣች።

አገሩ ሁሉ «ደፋሯ ሚስ ፓርጌተር» ይላታል። ደፋሯ ሚስ ፓርጌተር ላም ትፈራለች። እስከ ሲሎን ድረስ ከባሕሩ ይልቅ ደህና አድርጋ ያየችው የምታስመልስበትን ባልዲ ነው። ጫካ ውስጥ እግሯ ላይ አልቅት ያየች ቀን «እማዬ!» ብላ ስትጮህ ጦጣው ሁሉ ሰፈር ለቀቀ። ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለሴቶቹ ስታወራ ግን «ወንዝ ተሻገርኩ» ትላለች። አልዋሸችም፣ ተሻግራለች፤ በሰው ጀርባ ታዝላ።

ባቡሩ ከተማውን ሲለቅ ዶርካስ እቅፏን አስተካከለች። ባሏ ከሞተ ስንት ዓመቱ፣ እሷ ግን ለባሏ ዕድሜ ልኳን ከል እንደለበሰችው ንግሥት ጥቁር ልብሷን አላወለቀችም። ዛሬ ግን ፊቷ በርቷል።

«በይ እዪው እንግዲህ!» ብላ ሻርፑን ገፈፈችው።

ፖፖ ነው። ከአልጋ ሥር የሚቀመጠው፣ ነጩ፣ ባለ እጀታው።

«የአባባን ፖፖ ለንደን ልታስገቢው?»

«ታጥቧል! ደግሞ ፖፖውን እዪ ማን አለሽ? ውስጡ ያለውን እዪ!»

ውስጡ ተክል አለ።

«ከሲሎን የመጣሽ ጊዜ ቀሚስሽን ሳጥብ እጥፋቱ ውስጥ ፍሬ አገኘሁ። የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ መስኮት ላይ፣ ምድጃው በሚያሞቀው ቦታ፣ ደብቄሽ አሳደግኩት። ዛሬ ጠዋት ፈነዳ! እነዚያ ሰዎችሽ ሲያዩት ምን ይሉ ይሆን?»

አበባው የራሷው ነው። ብርቱካንማ፣ ከንፈሩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት። ሄስተር እህቷን ልትስማት ተነሳች። ከዚያ ቅጠሉን አየችና ተመልሳ ቁጭ አለች።

ቅጠሉ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጠጉራም ነው። እሷ የሣለችው ክብ ነው፣ ቅቤ እንደተቀባ የሚያብለጨልጭ።

«ውይ!»

«ምነው?»

«ፍየሏ።»

«የምን ፍየል?»

አበባ የሚሥል ሰው አበባውን ነው የሚያስቀድመው። አበባ ቶሎ ይጠወልጋል፣ ቅጠል ይታገሳል። ያን ቀን፣ ሲሎን ውስጥ፣ ሄስተር በማረፊያ ቤቱ በረንዳ ላይ አበባውን ሥላ ጨረሰች፣ አንዷን መጽሐፍ ውስጥ ከታ ተኛች። ጠዋት ስትነሳ የማረፊያ ቤቱ ፍየል የቀረውን ቅርንጫፍ ሙልጭ አድርጋ በልታዋለች። ተክሉ ያለው ኮረብታው ላይ ነው። ኮረብታው ላይ ደግሞ አልቅት አለ። በረንዳው ሥር ግን ያንኑ የሚመስል፣ እንዲመስል በጣም ከተፈለገ የሚመስል፣ ቅጠል ነበር። «ይሄው፣ እሱው ነው» አለች ለራሷ። ደጋግማ ስትለው አመነችው፣ ሣለችውም።

ዶርካስ ይሄን ሁሉ ሰምታ ትንሽ አሰበች።

«ታዲያ ችግሩ ቅጠሉ ነው? እንንቀለዋ!»

ገበሬው ጣልቃ ገባ። «ለመንቀል ምን አደከማችሁ፣ እመቤቶቼ? ይቺ ዝይ የሚስቴን የባርኔጣ አበባ ሳይቀር በልታለች።»

ዝይዋ አንገቷን ሰገግ አድርጋለች። ሄስተር ወደ ዶርካስ አየች፣ ወደ መስኮቱ አየች፣ ከዚያ ማንም እንዳላያት ሁሉ ፖፖውን ትንሽ ገፋ አደረገችው። ፍየል የጀመረችውን ዝይ ብትጨርሰው ምን አለበት? ዝይዋ አንድ ቅጠል ቦጨቀች። ቀጥላ የሄስተርን ጣት ያዘች፣ ያውም ብሩሽ የምትይዝበትን።

«ኧረ ለቀቅ አድርጊኝ!» ሄስተር ፖፖውን ስባ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«ህሊናሽ ነው?» አለች ዶርካስ።

«እኔ እንጃ። እኔን ያመመኝ ጣቴ ነው።»

ፖፖውን ግን መልሳ አልገፋችውም። ጣቷን እየጠባች ቅጠሉን ስታይ ቆየች። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ጠጉሩ ላይ ሲያርፍ ብር ይመስላል። ቆንጆ ቅጠል ነው። ብትሥለው ያምርባት ነበር። አልቅት ፈርታ ጥላው የመጣችው ይሄን ነው።

ለንደን፣ የማኅበሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሥዕሏ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ ስሟ ተጽፏል። ዶክተር ፌንዊክ፣ የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ እጁን ዘርግቶ መጣና መሀል ላይ ቆመ።

«ሚስ ፓርጌተር፣ እንኳን ደህና... ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ፖፖ ነው?»

«ነው ዶክተር። የባሰም አለ።»

ፖፖውን ሥዕሉ ሥር ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ሥዕልና ተክል ጎን ለጎን ሲሆኑ ዕውርም ያያል።

«አበባው እውነት ነው» አለች። «ቅጠሉ የጎረቤት ነው። ማንንም ሳላማክር የዳርኳቸው እኔ ነኝ። የራሱን ቅጠል ፍየል በላችው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ዶክተሩ አልሳቀም። የማጉያ መነጽሩን አውጥቶ መጀመሪያ ተክሉን፣ ቀጥሎ ሥዕሉን፣ ከዚያ እሷን አየ።

«ለምን ተመልሰው ኮረብታው ላይ አልወጡም?»

«አልቅት ፈርቼ።»

«ደፋሯ ሚስ ፓርጌተር?»

«እሷን እኔም በስም ነው የማውቃት።»

ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እስኪ ውጭ ይጠብቁን» አለ። ተክሉን እዚያው አስቀረው።

አሁን እህትማማቾቹ ኮሪደር ላይ፣ እንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ከበሩ ወዲያ ድምፅ ይሰማል። አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ጠረጴዛ ይደበድባል። ለማን እንደሚቆጡ፣ በምን እንደሚስቁ አይለይም። ዶርካስ የእህቷን ጣት በመሐረቧ እየጠቀለለች ነው።

«ጃቫ ይልኩሽ ይሆን?»

«እንጃ።»

«ስምሽንስ? ይተዉልሻል?»

«ዶርካስ ሙች፣ አላውቅም።»