የጨመርኩት የበግ ጠጉር

በዚያን ቀን ከግድቡ ዳር የነበርነው አራት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ ልጄ፣ ውሃ ውስጥ መጥለቅ የሚያስተምራት ሽበታም ሰውዬ፣ ገመድ የሚይዝላቸው የግድቡ ዘበኛ። ሌላ ሰው አልነበረም። ግድቡ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ያለ፣ ለመስኖ የተሠራ ትንሽ ግድብ ነው። የሣሩ አመዳይ ገና አልረገፈም ነበር።

ልጄ የግድብ በሮችን ውሃ ውስጥ ገብተው ከሚጠግኑ ሰዎች ጋር ሥራ ልትገባ ነበር የምትማረው። የሚጠልቁበትን ልብስ "ደረቁ ልብስ" ይሉታል። ከእግር እስከ አንገት አንድ ወጥ ነው፤ አንገቱና የእጁ አንጓ ላይ ጎማ ጥብቅ አድርጎ ስለሚይዝ ውሃ አያስገባም። ደረቱ ላይ አየር የሚያስገባ ቁልፍ አለው፤ ክንዱ ላይ ደግሞ የሚያስወጣ።

"አየሩ ሲያንስ ልብሱ ይጨመድደኛል፣ ይበርደኛልም። ሲበዛ ወደ ላይ ይወስደኛል" ብላ አስረድታኝ ነበር። እኔ የሰማሁት ብርዱን ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ከትምህርቱ ስትመለስ እግሯ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ፣ እስኪሞቅ ድረስ እቅፌ ውስጥ አድርጌ አሸሁት። በማግስቱ እሷ ሳታየኝ ከደረቁ ልብስ ሥር የምትለብሰውን ሱሪ ገበር ተረተርኩና፣ ከባቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የተባዘተ የበግ ጠጉር ጠቅጥቄ መልሼ ሰፋሁት። ስትለብሰው "ዛሬ ደግሞ ምነው ጠበበኝ?" አለች።

"ታጥቦ ነው" አልኳት።

ውሃ ውስጥ ስትገባ መስጠም አቃታት። ዘበኛው ሳቀ።

"እትዬ፣ ምን አጉርሰዋት ነው? እንደ ቅል ተንሳፈፈች'ኮ!"

መምህሩ አልሳቀም። ወገቧ ላይ ተጨማሪ የእርሳስ ክብደት አሰረላትና አብረው ጠለቁ። እኔ አረፋውን እያየሁ "እመቤቴ፣ አደራሽን" እላለሁ። ድንገት ሁለት እግር ከውሃው ወጣ። ውስጥ እግሩ ወደ ሰማይ፣ ጭንቅላት የለም።

ጮህኩ። ዘበኛው ገመዱን ሊጎትት ሲል የመምህሩ እጅ ብቅ ብሎ "ቆይ" የሚል ምልክት ሰጠው። ጉልበቷን ወደ ደረቷ አጣጥፎ ገለበጣት። ፊቷን አየሁ። የአየር ቱቦውን ከአፏ አውጥታ ስታስል ሰማሁ።

"እግሬን ማውረድ አቃተኝ፤ አየሩ ሁሉ እግሬ ላይ ሄደ" አለች።

መምህሩ ከዳር አውጥቷት ባቷን ጨበጥ ጨበጥ አደረገ። "ምንድን ነው ይኼ? ትራስ ነው የለበስሽው?"

ልጄ ወደ እኔ ዞረች።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "እግሯ እንዳይበርዳት ብዬ ነው።"

ይጮህብኛል ስል ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እህቴ፣ ጠጉሩ የሚያሞቀው አየር ስለሚይዝ ነው። ያው አየር ነው እግሯን ወደ ላይ ያወጣው። ሁለተኛ ሳትነግሪን እንዳትጨምሪ።"

የዘበኛው ጎጆ ውስጥ ሱሪውን አወለቀች። ከዘበኛው ምላጭ ተቀብዬ ስፌቱን ስፈታ ጣቴን ቆረጥኩ። ገላዋ እንደ ተነጨ ዶሮ ሆኗል።

"ትንሽ ላስቀርልሽ?"

"እማዬ!"

"ተረከዝሽ ጋ ብቻ።"

"አንድ ክር አይቀርም" ብላ ሳቀች። ከንፈሯ ግን ጠቁሮ ነበር።

እንደገና ገባች። እግር አልወጣም፤ አረፋ ብቻ ነበር የማየው። ስትወጣ ሮጬ ሄድኩ።

"በረደሽ?"

"በረደኝ። ቁልፉን ነካ ሳደርግ ይሞቀኛል፤ ሊያነሳኝ ሲል ደግሞ አየሩን እለቀዋለሁ። አሁን እግሬ ያዘዝኩት ጋ ይሄዳል።"

እሷ ለመደችው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ፍርሃቴ ሁለት ሆነ፤ ቢበርዳትስ እላለሁ፣ ደግሞ ቢሞቃትስ እላለሁ።

አሁን ሥራውን አግኝታ ሩቅ አገር ወዳለ ትልቅ ግድብ ሄዳለች። እሑድ እሑድ ትደውልልኝ ነበር። ሁለት እሑድ አለፈ፤ ስልኳ አይሠራም። ግድብ የሚጠግኑ ሰዎችን ያያችሁ፣ ከመካከላቸው አጠር ያለች፣ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት ልጅ ብትኖር፣ እባካችሁ ደህና መሆኗን ጠይቃችሁ ንገሩኝ።