እጀታው ዝም ሲል

እኔ አስተማሪ ኖሮኝ አያውቅም። ስለ አውሮፕላን የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ዴንቨር ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ላይ፣ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ ዘርግቼ ነው። ከጊዜ በኋላ የዴንቨር ጎረቤት በሆነችው ኦሮራ ካሉት የሐበሻ ሾፌሮች ስለ ሞተር ጠይቆኝ መልስ ያጣ የለም። ስለዚህ ረዳት ፓይለት የሆነችው ልጄ በሲሙሌተር፣ መሬት ላይ ባለው የበረራ ማስመሰያ፣ የተሰጣትን ፈተና ወድቃ ሃቫና ጎዳና አጠገብ ወዳለው ቤቴ ስትመጣ፣ ወደ ትክክለኛው ሰው መምጣቷ ነበር።

የቀራት አንድ ዕድል ነው። እሱንም ካላለፈች ሥራዋን ታጣለች።

ቀድሞ ታበርረው የነበረውም ሆነ አሁን የምትፈተንበት አዲሱ አውሮፕላን ኦቶትሮትል አላቸው፤ ፍጥነቱን ለመጠበቅ የሞተሩን ጉልበት ራሱ ይጨምራል፣ ራሱ ይቀንሳል። በቀድሞው ላይ ጉልበቱ በተለወጠ ቁጥር የሞተሩ ጉልበት መስጫ እጀታ ከፓይለቱ መዳፍ ሥር ይንቀሳቀሳል። ዓይን ሳያይ እጅ ያውቃል። በአዲሱ ግን ሞተሩ ቢያገሳም ቢያንቀላፋም እጀታው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ፈታኙ ቀስ ብሎ ኦቶትሮትሉን አጠፋባት። ፍጥነቱ ወረደ። አጠገቧ ያለው ፓይለት «ስፒድ!» ሲላት «ቼክድ»፣ አይቼዋለሁ፣ ብላ መለሰች፤ እጇን አምና፣ ሳታይ።

«ቅዳሴ ላይ እንደምትመልሺው ነዋ የመለስሽው» አልኳት። ትንሽ ልጅ ሳለች ዲያቆኑ «ተነሡ» ባለ ቁጥር አሻንጉሊቷን እያለበሰች ከሕዝቡ ጋር አንድም ሳትስት ትመልስ ነበር።

«አባዬ ደግሞ! ቤተ ክርስቲያኑን እዚህ ምን አመጣው?» ብላ ሳቀች። ከመጣች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

በማግስቱ መኪናዬን አስያዝኳት። የድሮው ታክሲዬ፣ ፍጥነቱን በራሱ የሚጠብቀው ክሩዝ ሲያዝ፣ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ራሱ ይወርድ ነበር፤ የአሁኗ መኪና ፔዳል ግን ምንም አይናገርም። ይህን ያስተዋልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አልነገረኝም። ከኤርፖርቱ ወዲያ ባለው ባዶ መንገድ ላይ ክሩዙን ስድሳ ማይል ላይ አስያዝኳትና ወሬ ጀመርኩ።

«ያ ልጅ ሽማግሌ የሚልከው መቼ ነው?»

«ኦ ማይ ጋድ፣ አባዬ! አሁን እሱን ነው የሚጠይቁኝ?» ብላ ስትጀምር እጄን ሰድጄ ክሩዙን አጠፋሁት።

«ስፒድ!»

«ቼክድ! እና ደግሞ ሽማግሌ መላክ የድሮ ነገር...»

«ስንት?»

አየች። አርባ አምስት። ከኋላችን አንድ የጭነት መኪና ክላክሱን ለቀቀብን።

«ይሄ ቺቲንግ ነው!»

«አሜን ብቻ አይበቃኝም፣ የኔ ልጅ። ቁጥሩን ጥሪልኝ።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ወጣን። የሽማግሌው ጉዳይ ሲያልቅብኝ የሠርግ አዳራሽ፣ እሱ ሲያልቅ የልጅ ስም አመጣሁባት። በመጨረሻ እየተናደደች በንዴቷ መሀል ቁጥሩን ትጠራልኝ ጀመር።

የፈተናዋ ዕለት ፓርኪንጉ ውስጥ ጠበቅኳት። ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ትከሻዬን ሳመችኝ።

«ኦቶትሮትሉን እንደገና አጠፋው። ፍጥነቱ ገና መውረድ ሲጀምር ቁጥሩን ጮኬ ጠራሁት። አለፍኩ፣ አባዬ።»

ዓይኔን ጠርጌ መንገድ ጀመርን። ክሩዙን ስድሳ ላይ ይዤ ዘዴውን እንዴት እንዳገኘሁት ከሥሩ አስረዳኋት፤ እንዲህ ያለ ነገር ትምህርት ቤት አይገኝም።

«ስፒድ!» አለችኝ።

«አየሁት» አልኳት፣ ወሬዬን ሳላቋርጥ።

«ስንት?»

አየሁ። አርባ። እሷ ክሩዙን ያጠፋችበትን እጇን ከመሪው ቁልፍ ላይ መልሳ በመስኮት ወደ ውጭ ትመለከታለች። እንዲህ ያለች ተማሪ ያወጣ አስተማሪ ካለ እስቲ ይምጣ!